የተሰረዘ በረራና ከሩቅ የመጣው መንገደኛ
(በሬዲዮ የተነገረ)

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የአይሮፕላን ጉዞ መዘግየትና መሰረዝ ነው። ጉዳዩ የከተማ ሰው ብቻ የሚያማርርበት መስሎ ይታይ ይኾናል። ነገር ግን ከማንም ይልቅ የሚጎዳው ከሩቅ የሚመጣው መንገደኛ ነው።

በቋራ ወረዳ የምትገኘውን ገለጉን ለምሳሌ እንውሰድ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ በአየር ለመጓዝ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ቆላውን በመኪና አቋርጦ፣ አዘዞ ወዳለው የዐፄ ቴዎድሮስ አይሮፕላን ማረፊያ መውጣት አለበት። በክረምት ደግሞ የጥቁሩ አፈር ጭቃ መኪናውን ይይዘዋል። ሰሊጡን ሸጦ ቲኬት የቆረጠ ወይም ለሕመምተኛው የሐኪም ቀጠሮ የያዘ ሰው ይህን ሁሉ ድካም አልፎ ሲደርስ «በረራው ተሰርዟል» ይባላል። የጎንደሩ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። እርሱ ግን በቅርብ የሚመለስበት ቤት የለውም፤ የአልጋና የምግብ ወጪ ይጨመርበታል፤ ቀጠሮውም ያልፍበታል።

ለመኾኑ በረራ የሚሰረዘው ስለ ምንድን ነው? የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት ወር 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ አይሮፕላን እጅግ ተሻሽሏል፤ አየሩ ግን ያው ነው። ጉምና ዝቅተኛ ደመና መንደርደሪያውን ሲሸፍኑት አብራሪው እንዳያርፍ ደንቡ ይከለክለዋል። ደግሞም ከፍታና ሙቀት አየሩን ያሳሱታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የጎንደር ማረፊያም 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው፣ በሞቃት ቀትር አይሮፕላኑ ጭነቱን መቀነስ ሊያስፈልገው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ለብዙ ሰው የተሰወረ ነው። አንድ አይሮፕላን በቀን ውስጥ ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች ይመላለሳል። ጠዋት በአንዱ ከተማ ቢዘገይ መዘግየቱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ የሠራተኞቹም የሥራ ሰዓት በደንብ የተወሰነ ነው። ስለዚህ የጎንደር ሰማይ ጠርቶ ሳለ በረራው ቢሰረዝ የሚያስገርም አይደለም።

ሦስተኛው ከሰው አቅም በላይ የኾነው ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ በመድረሱ በዚያ አገር በረራዎች ተሰርዘዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር።

እነዚህን ምክንያቶች የተረዳ ሰው ነፍስን ለማዳን የሚደረገውን መሰረዝ አይነቅፍም። የሚያስቆጣው ግን ዝምታው ነው። ምክንያቱና የሚቀጥለው በረራ ሰዓት ቶሎ ከተነገረው መንገደኛው በመኪና ይሔዳል፣ ወይም ቀጠሮውን ያዛውራል፤ ካልተነገረው ግን ቀኑም ገንዘቡም በከንቱ ይጠፋል። ለገለጉው ሰው መልእክቱ ሊጠቅመው የሚችለው ከቤቱ ሳይነሣ ሲደርሰው ነው።

ስለዚህ መንገደኛው ቲኬት ሲቆርጥ በእጁ ያለውን የስልክ ቁጥር ያስመዝግብ። ቀጠሮ ያለው አንድ ቀን አስቀድሞ ይነሣ፤ ከተቻለም የጠዋቱን በረራ ይምረጥ። በረራው ሲሰረዝ ገንዘቡ እንዲመለስለት ወይም በሌላ በረራ እንዲሳፈር ይጠይቅ። ወደ ውጭ አገር ለሚጓዝ ደግሞ፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የ1991 ዓ.ም. የሞንትሪያል ውል፣ አጓጓዡ መዘግየቱን ለመከላከል የሚገባውን ሁሉ ማድረጉን ካላስረዳ በመዘግየቱ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለ፣ ቲኬቱንና የወጪውን ደረሰኝ ጠብቆ መያዝ ይገባል።

ሰማዩን የሚያዝ ማንም የለም። እውነቱን በጊዜው መንገር ግን በሰው እጅ ያለ ነገር ነው።