ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፤ በስንት ጊዜ መለወጥ እንደሚገባው

ለእርሻ ሥራ ወደ ወረዳ የሚላከው ፒክ አፕ የሚሸከመው ነገር ሁሉ ቀን የተቈረጠለት ነው። ምርጥ ዘር በሰኔ ካልደረሰ በመስከረም ቢደርስ ለገበሬው አይረባውም፤ የከብት ክትባትም በበረዶ ሣጥን ውስጥ ሳይበላሽ የሚቈየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ አቶሞቢሉ በመንገድ ላይ ቢቆም የሚጠፋው የማደሻው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የዓመቱም ሥራ ነው። ከሚያቆሙትም ነገሮች አንዱ፥ ብዙ ሹማምንት ልብ የማይሉት፥ በካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት ነው። የሞተሩን ዘይት ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ በጊዜው ባይለወጥም የሚጠየቅበት ሰው አለ። የካምቢዮውን ዘይት ግን፥ ካምቢዮው እስኪሰበር ድረስ፥ የሚጠይቅ አይገኝም።

አስቀድሞ ሁለቱን ዓይነት ካምቢዮ መለየት ይገባል። አንደኛው ሾፌሩ በእጁ ማርሽ የሚያገባበት፥ በእግሩም ፍሪሲዮን የሚረግጥበት ነው። የዚህ ዘይት ወፍራም ሲሆን ሥራውም ጥርሶቹ እንዳይፋጩ ማለስለስ ነው። ሁለተኛው ራሱ በራሱ ማርሽ የሚለውጠው አውቶማቲክ የሚባለው ነው። በዚህኛው ውስጥ ዘይቱ ብዙ ግብር አለበት። የሞተሩን ኀይል ተቀብሎ ወደ ካምቢዮው የሚያሻግር እርሱ ነው፤ በቀጫጭን ቦዮች እየገፋ ማርሹን የሚያስለውጥ እርሱ ነው፤ ሙቀቱን ይዞ ወደ ራዲያተሩ የሚወስድ፥ ጥርሱንም የሚያለሰልስ እርሱ ነው። ስለዚህ ስለ ሁለቱ አንድ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ የአንዱንም ዘይት በሌላው ውስጥ በግምት መጨመር ካምቢዮውን መግደል ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው።

ይህ ካምቢዮ አዲስ ነገር አይደለም። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ያለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ለ1940 ዓ.ም. በተሠራው ኦልድስሞቢል ላይ አድርጎ ለገበያ አወጣው። በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ጊዜ ይኸው ካምቢዮ ኤም 5 በሚባለው ቀላል ታንክ ላይ ተደርጎ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ለዚህ ካምቢዮ የሚሆን ዘይት ታይፕ ኤ በሚባል ደንብ ተወሰነ፤ በ1954 ዓ.ም. ሸቭሮሌት በፒክ አፖቹ ላይ ሃይድራማቲክን አቀረበ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደክስሮን የሚባለው ደንብ ወጣ። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዚህ ዘይት ውስጥ ስፐርም ከሚባለው ዓሣ አንበሪ የተገኘ ዘይት ይደባለቅበት ነበር፤ ሙቀትን የሚታገሥና ፍሪሲዮኑን በልክ የሚያንሸራትት ሌላ ነገር ገና አልተገኘም ነበርና። ዓሣ አንበሪው በአሜሪካ ሕግ ሲጠበቅ ግን ኬሚስቶች ምትኩን በብልሃት ሠሩ። ይህን ማንሳት ያስፈለገው ዘይቱ ተራ ቅባት አለመሆኑን ለማስረዳት ነው፤ በውስጡ ልዩ ልዩ መድኀኒት ተደባልቆበታል፤ የሚያረጀውም አስቀድሞ ይኸው መድኀኒት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በስንት ጊዜ ይለወጥ ቢባል ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በአንድ ቃል አይናገሩም። ፎርድ ዐሥር ማርሽ ላለው ኤፍ 150 በተራ አነዳድ 240,000 ኪሎሜትር ድረስ ይፈቅዳል። ጄኔራል ሞተርስ ለብዙዎቹ ሲልቬራዶ፥ ሥራው ከባድ ሲሆን፥ 72,000 ኪሎሜትር ብሎ ነበር። ቶዮታ በአሜሪካ ለሚሸጠው ታኮማ በተራ አነዳድ ጊዜ አልቈረጠም፤ ተጐታች ለሚጐትት ወይም ከባድ ጭነት ለሚጭን ግን 96,000 ኪሎሜትር ያህል ሲሄድ እንዲለወጥ ያዝዛል። አንዳንዶቹም ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው ብለው ይጽፋሉ። ቃሉ ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ ዘይቱ ሲሞት ካምቢዮውም አብሮ ይሞታልና የሁለቱ ዕድሜ በእውነት አንድ ነው። ነገር ግን ዘት ኤፍ የተባለው፥ ለብዙ የአቶሞቢል ፋብሪካዎች አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመን ኩባንያ፥ አቶሞቢሉን የሚሸጡት የዕድሜ ልክ ቢሉም እንኳ ዘይቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎሜትር ባለው ውስጥ ወይም በስምንት ዓመት እንዲለወጥ ይመክራል። ከሻጩና ከሠሪው ማንኛውን መስማት እንደሚሻል ለአስተዋይ ሰው ግልጥ ነው።

የዚህ ሁሉ ልዩነት ምክንያት አንድ ነው፤ ይኸውም ሙቀት ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ አለ፤ በውስጡም ሁለት መዘውሮች ፊት ለፊት ሳይነካኩ ይዞራሉ። አንዱ ዘይቱን ሲወረውር ሌላው በዘይቱ ግፊት ይዞራል። አቶሞቢሉ በሜዳ ሲሮጥ ሁለቱ አንድ ላይ ይቈለፋሉ፤ ብዙም አይሞቁም። ጭነት ይዞ ዳገት በዝግታ ሲወጣ ግን አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቀረውም ኀይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። መካኒኮች የሚከተሉት አንድ ግምት አለ፤ ዘይቱ በ80 ዲግሪ ሲሠራ 160,000 ኪሎሜትር ያህል ይቈያል፤ ሙቀቱ በ11 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ በ91 ዲግሪ 80,000፥ በ102 ዲግሪ 40,000፥ በ113 ዲግሪ 20,000 ይሆናል ማለት ነው። ይህ ግምት እንጂ የተመዘነ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን ሙቀት ከኪሎሜትር ይልቅ ዘይቱን እንደሚያስረጅ በደኅና ያሳያል።

ለዚህም የዓባይን በረሃ የሚመስል ማስረጃ አይገኝም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎሜትር ብቻ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ውስጥ ግን አቶሞቢሉ 1,400 ሜትር ያህል ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ተሻግሮም ያንኑ የሚያህል መልሶ ይወጣል። ኪሎሜትር ቈጣሪው 40 ብሎ ይጽፋል፤ ካምቢዮው ግን የሠራው ሥራ በስምጥ ሸለቆ ሜዳ ላይ ከሚነዳ አቶሞቢል ጋር በምንም አይተካከልም። የደጋውም አየር ስስ በመሆኑ ሌላ ችግር ይጨምራል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከኀይሉ አንድ እጅ ከመቶ ያህል ያጣል፤ በ2,400 ሜትር ላይ ሩቡ ያህል ጠፋ ማለት ነው። ሾፌሩም የጐደለውን ለመሙላት የነዳጁን መርገጫ አጥብቆ ይረግጣል፤ ስሱ አየር ደግሞ ራዲያተሩን እንደ ቈላው አየር አያበርደውም። በዚህ ላይ አቧራው፥ ጭቃው፥ በሁለት ማርሽ ብቻ የሚኬድበት የገጠር መንገድ አለ። ስለዚህ በፋብሪካው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ሠንጠረዥ ሲገኝ፥ አንዱ ለተራ አነዳድ ሌላው ለከባድ፥ በኢትዮጵያ ወረዳዎች የሚሠራ የመንግሥት ፒክ አፕ የሚቈጠረው በሁለተኛው ነው። ሹማምንት በፊተኛው ሠንጠረዥ ተማምነው በጀት ሲያስቀሩ፥ ያስቀሩት ገንዘብ ኋላ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ቍርጥ ያለ ቍጥር ለሚፈልግ ይህ ይበቃዋል። በአስፋልት ላይ ብዙ ሳይጭን ለሚመላለስ 100,000 ኪሎሜትር፤ በገጠር መንገድ ጭነት ይዞ ለሚሠራ 60,000 ኪሎሜትር ወይም አራት ዓመት፥ ከሁለቱ የቀደመው፤ ተጐታች ለሚጐትት፥ ወይም እንደ ዓባይና እንደ ሊማሊሞ ያለውን ዳገት ዘወትር ለሚወጣ 40,000 ኪሎሜትር። የፋብሪካው መጽሐፍ ከዚህ ያነሰ ቍጥር ቢያዝዝ መጽሐፉ ይከበር። በወር 2,000 ኪሎሜትር የሚሄድ ፒክ አፕ 60,000ውን የሚሞላው በ30 ወር ነው፤ ሁለት ዓመት ተኩል ማለት ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል አንድ ጊዜ የሚወጣ ወጪ ለማንም መሥሪያ ቤት ከባድ አይደለም።

ከቍጥሩ ሌላ ዘይቱ ራሱ የሚናገረው አለ። የመለኪያ ዘንግ ባለው አቶሞቢል ላይ ሞተሩ ሞቆ፥ በደልዳላ ቦታ ቆሞ፥ አብዛኛውን ጊዜም ሞተሩ እየሠራ ይለካል፤ ጥቂት ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ማንጠብ ነው። ጥርት ያለ ቀይ ከሆነ ደኅና ነው። ቡናማ ሆኖ ከታየ ቀኑ ቀርቧል። ጠቍሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ውስጡ ያለው የፍሪሲዮን ሽፋን መንደድ ጀምሯል ማለት ነው፤ ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ መስሎ ከታየ ደግሞ የራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታልና አቶሞቢሉ አንድ ኪሎሜትር እንኳ ሳይነዳ ይቁም። በአዳዲሶቹ ብዙዎች ላይ የመለኪያ ዘንግ የለም፤ ከሥር ባለ ቡሽ በኩል፥ መጽሐፉ በሚያዝዘው ሙቀት ላይ ነው የሚለካው። ይህን ለማንም ጐረምሳ መተው አይገባም፤ ዘይቱ ቢያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፥ ቢበዛም አረፋ ይሆናል፥ ሁለቱም ፍጻሜያቸው አንድ ነው።

የሚለወጠውም እንዲህ ነው። ከሥር ያለው ኮፓ ሲፈታ የሚወርደው የዘይቱ ሁሉ ሳይሆን ሲሦው ወይም ግማሹ ነው፤ የቀረው በክቡ ዕቃና በቦዮቹ ውስጥ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ አንድ ጊዜ አስለውጦ አዲስ ሆነ ይላል። ዐሥር ሊትር ከሚይዘው አራት ሊትር ቢወርድ፥ በመጀመሪያው ጊዜ አዲሱ ከመቶ 40 እጅ ነው፤ ጥቂት ነድቶ ሁለተኛ ቢለወጥ 64፥ ሦስተኛ ቢለወጥ 78 ይሆናል። ኮፓው ሲፈታ ፊልትሮውና ጓርኒሲዮኑ አብረው ይለወጡ፤ በኮፓው ውስጥ ያለው ማግኔትም ይታይ። በእርሱ ላይ የተለጠፈው እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ከሆነ የተለመደ ነው፤ የብረት ስንጣሪ ከሆነ ግን ችግሩ ከዘይት አልፏል። የወረደው ዘይት ተሰፍሮ ያንኑ ያህል ይመለስ።

በዚህ ላይ በጋራዦች ዘንድ ክርክር አለ። ብዙ ዘመን ሳይለወጥለት የቈየ ካምቢዮ አዲስ ዘይት ሲገባበት ወዲያው ይሞታል የሚሉ አሉ። እውነቱ እንዲህ ይመስላል፤ ሽፋኑ አልቆ መንሸራተት የጀመረ ካምቢዮ በአዲስ ዘይትም በአሮጌም ይሞታል፥ ጥፋቱም የሚሳበበው በመጨረሻ በነካው መካኒክ ላይ ነው። ገና ሳይንሸራተት የተገኘ ከሆነ ግን በግፊት በሚያጥብ መኪና ሳይሆን ኮፓውን በማውረድ፥ ቀስ በቀስ ቢለወጥለት ይሻላል።

ዘይቱን ስለ መግዛት ሲነገር ቀለም ማንንም እንዳያታልል ያስፈልጋል። ቀዩ ቀለም የዘይቱ ባሕርይ አይደለም፤ ከሥር ሲንጠባጠብ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ተብሎ የተጨመረ ነው። የዘት ኤፍ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ ዘይት አረንጓዴ ነው። በበርሜል ተቀምጦ በጣሳ የሚቀዳ ቀይ ዘይት ሁሉ ለሁሉ ይሆናል የሚል ነጋዴ ቢገኝ ዕቃውን መተው ነው። የቶዮታው ደብልዩ ኤስ፥ የፎርዱ መርኮን፥ የጄኔራል ሞተርሱ ደክስሮን እርስ በርሳቸው በውፍረትና ፍሪሲዮንን በማንሸራተት ይለያያሉ፤ የሚገዛው በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው ስም ራሱ፥ ማኅተሙ ያልተፈታ፥ ይሁን።

በየአቶሞቢሉ ውስጥ ለነዳጅ የሚያዝ መዝገብ አለ። በዚያው መዝገብ መጨረሻ ገጽ ላይ አምስት ነገር ይጻፍ፤ የተለወጠበት ቀን፥ ኪሎሜትር ቈጣሪው ያሳየው ቍጥር፥ የዘይቱ ስም፥ የወረደውና የገባው ሊትር፥ የሠራው መካኒክ ፊርማ። ሾፌሩ ሲዛወር ወይም አቶሞቢሉ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲሰጥ መዝገቡ አብሮ ይሂድ። መዝገብ ሳይኖረው የመጣ ፒክ አፕ ደግሞ ዘይቱ እንዳልተለወጠ ተቈጥሮ፥ የዘር ማጓጓዣው ጊዜ ሳይደርስ፥ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ወደ ጋራዥ ይግባ።