የቆሰለ አጋዘን ፍለጋ፦ በመታገሥና በመዘግየት መካከል

መግቢያ

በአማርኛ «አጋዘን» የሚለው ስም በኢትዮጵያ ለሚገኙ ባለ ቀንድ የዱር እንስሳት የሚሰጥ ቢሆንም፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በሰሜን አሜሪካ በስፋት የሚታደነውን ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ነው። ጥይቱ ወይም ቀስቱ ልብንና ሳንባን ስቶ ጉበትን ወይም ጨጓራን ሲመታ እንስሳው ወዲያው አይወድቅም። በዚህ ጊዜ አዳኙ ፈጥኖ ቢከተል እንስሳውን ያባርረዋል፤ ቢዘገይ ደግሞ ሥጋው ሊበላሽ ይችላል። ጽሑፉ ይህ አጣብቂኝ የሚመዘንበትን መንገድ ያብራራል።

የመታገሥ ምክንያት

የቆሰለ አጋዘን ካልተረበሸ ብዙ ጊዜ ሳይርቅ ይተኛል። የሚከተለው መኖሩን ካወቀ ግን ተነሥቶ ይሸሻል። የጨጓራ ቁስል ወደ ውጭ የሚያፈሰው ደም ጥቂት በመሆኑ ዳናው ይጠፋል፤ እንስሳውም ለረጅም ስቃይ ይዳረጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር እንስሳው በተመታበት ስፍራ የቀረውን ምልክት መመርመር ነው። ደማቅና አረፋ ያለው ደም የሳንባ፣ ጠቆር ያለ ደም የጉበት፣ ፈርስ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ደግሞ የጨጓራ ወይም የአንጀት ቁስልን ያመለክታል። ከአዳኞች ልምድ የተገኘው ምክር ለሳንባ ቁስል ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ለጉበት ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ ለጨጓራ ከ6 እስከ 12 ሰዓት መጠበቅ ነው።

የሥጋው መበላሸት

እንስሳው ከሞተ በኋላም በጨጓራው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን መኖውን ማብላላታቸውን ይቀጥላሉ። ጋዝ ይጠራቀማል፤ ሆድም ይነፋል። ቆዳውና ጠጉሩ ሙቀቱን አምቀው ስለሚይዙ፣ በተለይ በታፋው አጥንት ዙሪያ ያለው ወፍራም ሥጋ ዘግይቶ ይቀዘቅዛል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 853/2004 ለገበያ የሚቀርብ ትልቅ የዱር እንስሳ ሆድ ዕቃው በተቻለ ፍጥነት እንዲወጣና ሥጋው ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወደማይበልጥ ሙቀት እንዲወርድ የሚያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ አዳኙ የጠበቀው ጊዜ ሁሉ ሥጋው የሚበላሽበት ጊዜ አይደለም። ጨጓራው የተመታ አጋዘን ለብዙ ሰዓታት በሕይወት ሊቆይ ስለሚችል፣ ዋናው ጥያቄ ከተተኮሰበት ሳይሆን ከሞተ ምን ያህል ጊዜ አለፈ የሚለው ነው። የመንጋጋና የአንገት መድረቅ፣ በታፋ መካከል የቀረ ሙቀት፣ የሆድ መነፋት መጠን ይህን ለመገመት ይረዳሉ።

ዘግይቶ የተገኘ እንስሳ

የሌሊቱ አየር ቀዝቃዛ ከነበረና ሥጋው መጥፎ ጠረን ከሌለው፣ በፈርስ የተበከለውን ክፍል በንጹሕ ቢላዋ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ በመጣል የቀረውን ማትረፍ ይቻል ይሆናል። ከሆድ ዕቃው ጋር የሚዋሰነው የውስጥ ሽንጥ ቀድሞ ስለሚበከል ብዙውን ጊዜ ይጣላል። ሌሊቱ ሞቃት ከነበረ፣ ሥጋው ከአረንጓደ ወይም ከሸተተ ግን መብላት አይገባም። ምሽቱ ሞቃት ሲሆን ወይም ዝናብ ዳናውን ሊያጥብ ሲቃረብ፣ የጥበቃውን ሰዓት ከማሳጠር በፊት የሠለጠነ የዳና ውሻ በገመድ ይዞ መፈለግ ይመረጣል። ይህም በጀርመን የቆየ ሥርዓት ሲሆን በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶችም ይፈቀዳል።

ማጠቃለያ

ትዕግሥትና ፍጥነት የሚመዘኑት በቁስሉ ዓይነትና በአየሩ ሙቀት እንጂ በአዳኙ ጉጉት አይደለም። ሥጋው እንደማይተርፍ ቢታወቅም ፍለጋው አይቋረጥም። የጀርመን የአደን ሕግ አንቀጽ 22ሀ በጽኑ የቆሰለ እንስሳ ሳይዘገይ ከስቃዩ እንዲገላገል ያዛል፤ ይህም የፍለጋው ግዴታ ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ለእንስሳውም ጭምር መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ የተሻለው መፍትሔ ከመተኮስ በፊት ያለው ነው፤ ርቀቱ ወይም የእንስሳው አቋም አጠራጣሪ ሲሆን አለመተኮስ።