ኢቫን ዩ፦ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ወደ ቡድን መሪነት

ኢቫን ዩ ዩኒቨርሲቲ የገባው ኮምፒውተር ሳይንስ ሊማር አልነበረም። ቻይና ውስጥ በዉሺ ከተማ ተወለደ፤ አሜሪካ ተሻግሮ በኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ አጠና፤ ከዚያም ኒው ዮርክ በሚገኘው ፓርሰንስ በዲዛይንና ቴክኖሎጂ የማስተርስ ዲግሪውን ያዘ። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ የድረ ገጽ ባለሙያዎች የሚሠሩበትን ቪዩ የተሰኘ የድረ ገጽ መሥሪያ (ፍሬምወርክ) የፈጠረውም፣ ቡድኑን የሚመራውም እሱ ነው።

ቪዩ የሚያገለግለው ፍሮንት ኤንድ ዴቨሎፐር የሚባለው ባለሙያ ተጠቃሚው በዓይኑ የሚያየውንና በጣቱ የሚነካውን የድረ ገጽ ክፍል ይሠራል። ሙያው ከሩቅ ሲያዩት ማስዋብ ይመስላል፤ ጭንቁ ግን ሌላ ቦታ ነው። ኢንተርኔት ላይ ቡና የሚሸጥ ሱቅ እናስብ። ደንበኛው ሁለት ኪሎ የነበረውን ሦስት ሲያደርገው ጠቅላላ ዋጋው ይለወጣል፤ ጥግ ላይ ያለው የዘንቢሉ ቁጥርና የማድረሻው ሒሳብም አብረው መለወጥ አለባቸው። አንዱ ከተረሳ ገጹ ሰውን ያሳስታል። ገጹ እየሰፋ ሲሄድ ይህን ሁሉ በእጅ መከታተል አይቻልም።

ኢቫን ጎግል ክሪኤቲቭ ላብ ሲሠራ አንጉላር የተባለ መሣሪያ ይህን ክትትል ያቃልልለት ነበር፤ ለትንንሽ ሥራዎች ግን ከበደው። የወደደለትን ክፍል ብቻ ለይቶ ቀለል ያለ መሣሪያ ሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁሉም በነፃ ለቀቀው። በ2016 የቅጥር ሥራውን ትቶ ደጋፊዎች በየወሩ በሚያዋጡት ገንዘብ ሙሉ ጊዜውን ለቪዩ ሰጠ። በነፃ ለሚታደል ኮድ እንዲህ መወሰን ትልቅ ድፍረት ነው። የአማርኛውን ጨምሮ ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽንም በኋላ ለገጾቹ ሥራ ቪዩን መረጠ።

የመሣሪያው አሠራር በግቢና በዘበኛ ሊመሰል ይችላል። ቪዩ 2 የተባለው እትም መረጃው በተቀመጠባቸው ክፍሎች ሁሉ በር ላይ አንድ አንድ ዘበኛ ያቆማል፤ መረጃ ሲለወጥ ዘበኛው ለስክሪኑ ይናገራል። ችግሩ፣ ዘበኞቹ ከተመደቡ በኋላ የተሠራ አዲስ ክፍል ጠባቂ የለውም። ቀጣዩ እትም ቪዩ 3 ዘበኛውን ወደ ግቢው በር አወጣው፤ ስለዚህ ማን ገባ ማን ወጣ፣ ምን ተጨመረ፣ ሁሉንም ያያል። ይህ የሆነው ብሮውዘሮች ፕሮክሲ የተባለውን የጃቫስክሪፕት ችሎታ ስለያዙ ነው።

ኢቫን በቡድን መሪነቱ የተፈተነው ግን በሌላ ነገር ነው።

ጁን 2019 ላይ ቡድኑ ለቪዩ 3 አዲስ የአጻጻፍ ስልት አቅርቦ አስተያየት ጠየቀ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ትልልቅ ገጾች ላይ የተበታተነውን ኮድ በየጉዳዩ ለመሰብሰብ ያስችላል። ሆኖም የመጀመሪያው ጽሑፍ ነባሩ ስልት ቀስ በቀስ ሊቀር እንደሚችል የሚያስጠረጥር ነበርና ተጠቃሚዎች ተቆጡ። የለመዱትና መተዳደሪያቸው ያደረጉት ነገር ሊነጠቅ መስሏቸው ነበር፤ እንዲህ ያለው ፍርሃት የሚናቅ አይደለም። ኢቫንና ባልደረቦቹ ሐሳቡን አልጣሉትም፣ ቁጣውንም አልናቁትም። ጽሑፉን አርመው አዲሱ ስልት ጭማሪ እንጂ ምትክ እንዳልሆነ አስረዱ። ልምድ ያለው መሪ ከጀማሪ የሚለይበት አንዱ ቦታ ይህ ይመስላል፤ ኮዱ ትክክል ከሆነ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ ኮዱ ላይ ኑሯቸውን የመሠረቱ ሰዎች አሉ።

ቪዩ 3 በሴፕቴምበር 2020 ሲወጣ ከሁለት ዓመት በላይ ተደክሞበት፣ 99 ሰዎች ኮድ አዋጥተውበት ነበር። የቪዩ 2 ድጋፍ የተቋረጠው በ2023 መጨረሻ ነው፤ ወደ አዲሱ እትም ለሚሸጋገር ሰው ሦስት ዓመት ያህል ጊዜ ተሰጠ ማለት ነው። ዛሬ የቪዩን መማሪያ የሚከፍት ሰው በገጹ ጎን አንዲት ትንሽ መቀያየሪያ ያገኛል። ወዲህ ሲያደርጋት ምሳሌዎቹ በነባሩ ስልት፣ ወዲያ ሲያደርጋት በአዲሱ ይቀርቡለታል።