በተሳቢ የሚጓዝ ጀልባ ሆዱ ስለሚጸዳበትና ስለሚታደስበት ሁኔታ

በውኃ ላይ ታስሮ የሚያድር ጀልባ በውኃ ውስጥ የሚጠልቀው ሆዱ ከባለቤቱ ዐይን የተሰወረ ነው። በተሳቢ ተጭኖ ወደ ምድር የሚወጣው ግን ጉዳቱን ሁሉ ስለሚያሳይ ለጥገና የተመቸ ነው። ዳሩ ግን ብዙዎች ጎትተው ካወጡት በኋላ ሸራ አልብሰው ይተዉታል።

በሆዱ ላይ የተለጠፈው አረንጓዴ አተላ ገና እርጥብ ሳለ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ በቀላሉ ይለቃል፤ ከደረቀ ግን እንደ ኖራ ይጣበቃል። ያን ጊዜ ችኩል ሠራተኛ የብረት መፋቂያ ያነሣል። ይህ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። የፋይበርግላስ ጀልባ ከውኃ የሚጠበቀው በላይኛው የሚያብረቀርቅ ልባስ ሲሆን፥ የዚህ ልባስ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የደረቀውን እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ማራስ፥ ከዚያም በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቅ ይሻላል። ነጭ የኖራ ምልክት የቀረ እንደ ሆነ በውኃ የተበረዘ ኮምጣጤ ያስለቅቀዋል፤ ወዲያው ግን በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት።

ከታጠበ በኋላ ሆዱን በእጅ መዳበስ ያስፈልጋል። ለወራት ውኃ ላይ የቆየ ጀልባ ትንንሽ እብጠት ያወጣል፤ ሲወጋ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ከፈሰሰ ውኃ ልባሱን አልፎ ገብቷል ማለት ነው። እብጠቱ ተከፍቶ፥ ደጋግሞ ታጥቦና በጥላ ሥር ለሳምንታት ደርቆ ሳይጨርስ በኢፖክሲ ስቱኮ መድፈን እርጥበቱን ውስጥ መቅበር ነው። ጀልባው በተሳቢው ደገፋ ላይ የሚያርፍበት ስፍራም ክብደቱን ሁሉ ስለሚሸከም ስንጥቅ እንዳለበት መታየት ይገባዋል። የደረቀው ስቱኮ በውኃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ አቧራው ለሳንባ ጎጂ ነውና አፍና አፍንጫን መሸፈን ግድ ነው። የውኃ ውስጥ አረምና ተባይ የሚከላከለው ውድ ቀለም ዘወትር በተሳቢ ላይ ለሚያድር ጀልባ እምብዛም አያስፈልገውም፤ ሰም ይበቃዋል።

የጽዳቱ ጉዳይ ግን የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ በኢትዮጵያ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1965 ታየ፤ በጣና ደግሞ በ2011 ተገኘ፤ ከዚያም ዓሣ አጥማጁን መንገድ ከለከለው፥ የዳር ገበሬውንም መሬት ወረረበት። ይህ አረም ከቁራጩ ይበቅላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ በተሳቢው ጎማ፥ በሞተሩ መዘውርና በገመዱ ላይ የተንጠለጠለው ቅጠል ሁሉ በእጅ ተለቅሞ ከውኃ ርቆ መቃጠል፥ ጭቃውም መታጠብ አለበት። በጀልባው ወለል የተጠራቀመው ውኃ እንዲፈስ ውታፉ የሚከፈተውም ጀልባው በወጣበት ሐይቅ ዳር እንጂ በሚሄድበት ሐይቅ ዳር አይደለም።