የግትና የኩሬ ባክቴሪያዎች፦ የዕድገት ሁኔታ በወተት ምርትና በዓሣ እርባታ

ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲዬ የተባለው ባክቴሪያ ስሙን ያገኘው «ወተት ማጣት» ከሚል የግሪክ ቃል ነው። በላም ግት ውስጥ ገብቶ ሲራባ ግቱን ያሳብጣል፤ ወተቱን ያበላሻል፤ ሲብስም ያደርቀዋል። ይኸው ባክቴሪያ በሞቃት አገሮች ኩሬዎች ውስጥ እኛ ቆሮሶ በምንለው የዓሣ ዓይነት ላይ ይነሣል። አንጎሉን ስለሚያጠቃው የታመመው ዓሣ ዓይኑ ይፈጣል፤ አቅጣጫውን ስቶ ይሽከረከራል፤ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በሲንጋፖር ጨው ካልሆነ ውኃ የተጠመደ ዓሣ በጥሬው የበሉ ሰዎች በዚሁ ባክቴሪያ ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። በእርግጥ ከላም የሚገኘው ዘርና ከዓሣ የሚገኘው ዘር በአብዛኛው የተለያዩ ናቸው። ቢሆንም የወተት ሐኪሙና የዓሣ አርቢው አንድ ጠላት እንዳላቸው ማወቁ ለነገራችን መነሻ ይሆነናል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ላክቶኮከስ ላክቲስ አይብ የሚሠራልን፣ እርጎ የሚያረጋልን ወዳጅ ነው። የቅርብ ዘመዱ ላክቶኮከስ ጋርቪዬ ግን እ.ኤ.አ. በ1983 በሳይንስ ስም ሲሰጠው የተገኘው ግቷ ከታመመ ላም ወተት ውስጥ ነበር። ቆየት ብሎ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ በጅምላ የሚፈጅ መሆኑ ታወቀ። የሚፈጀውም በማንኛውም ጊዜ አይደለም፤ በበጋ ወራት፣ ውኃው ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝ ባክቴሪያው አይጠፋም፤ ያደባል እንጂ። በኢጣልያ ካልፈላ ወተት በሚሠሩ አይቦች ውስጥም ያለ አንዳች ጉዳት ተቀምጦ ተገኝቷል። እንግዲህ አንድ ፍጡር እዚህ ገዳይ፣ እዚያ የገበታ ጎረቤት የሚሆነው ለምንድር ነው? የመልሱ ትልቁ ክፍል የሚገኘው ባክቴሪያው በሚያድግበት ሁኔታ፣ ማለትም በሙቀቱ፣ በአሲዱ፣ በኦክስጅኑ፣ በጨውና በብረቱ መጠን ላይ ነው። እነዚህ ነገሮች የሚወስኑት ባክቴሪያው ምን ያህል በፍጥነት እንደሚራባ ብቻ አይደለም። ከብዙ ባክቴሪያዎች መካከል ማን እንደሚያሸንፍ፣ አሸናፊውም ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚላበስ ይወስናሉ። ብዙ ጊዜ ከፍጥነቱ አልፎ የማይታሰበው ይህ ሦስተኛው ነው።

ከፍጥነቱ እንጀምር። በንጹሕ እጅ ከታለበ ወተት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 1,000 ባክቴሪያ አለ እንበል። በሞቃት አየር እያንዳንዱ በ30 ደቂቃ አንድ ጊዜ ቢከፈል፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ አሥር ጊዜ እጥፍ ሆኖ ቁጥሩ ከ1,000,000 ይበልጣል። ጠዋት ታልቦ ቀትር ላይ ከተማ የሚደርስ ወተት ያለ ማቀዝቀዣ ሲጓዝ የሚደርስበት ይህ ነው። ለዚህም ነው የዓለም የምግብ ደንብ ኮሚሽን፣ ኮዴክስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ማቀዝቀዣ ለሌላቸው አካባቢዎች አንድ መመሪያ ያወጣው። በወተት ውስጥ በተፈጥሮ ላክቶፐርኦክሲዴዝ የሚባል ኤንዛይም አለ። በአንድ ሊትር ወተት 14 ሚሊ ግራም ሶዲየም ታዮሳያኔትና 30 ሚሊ ግራም ሶዲየም ፐርካርቦኔት ሲጨመር ኤንዛይሙ የባክቴሪያውን ዕድገት የሚገታ ነገር ያመነጫል። የሚገኘው ጊዜ በሙቀቱ ይወሰናል፦ በ30 ዲግሪ ከ7 እስከ 8 ሰዓት፣ በ15 ዲግሪ ግን ከ24 ሰዓት በላይ። ይህ ዘዴ የቆሸሸ ወተትን አያነጻም፤ ጊዜ ይገዛል እንጂ። ለደጋ አርሶ አደር ግን የሚገዛው ጊዜ ከቆላው እጅግ የበለጠ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ ማሸነፉ ስናልፍ ነገሩ ይጠልቃል። ትኩስ ወተት ፒኤች የሚባለው የአሲድ መለኪያው 6.6 ያህል ነው። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ሲለውጡት መጠኑ እየወረደ ይሄዳል፤ 4.6 አካባቢ ሲደርስ ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን ይረጋል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላክቶኮከስ ላክቲስና መሰሎቹ ይነግሣሉ። ሙቀቱ ከ42 እስከ 45 ሲሆን ግን ሜዳው የስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስና የላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ተደጋግፈው የሚኖሩ ናቸው። የመጀመሪያው ፎርሚክ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሁለተኛው ያቀርባል፤ ሁለተኛው ደግሞ ፕሮቲኑን ቆራርጦ የመጀመሪያውን ይመግባል። የፋብሪካ እርጎ በጥቂት ሰዓት የሚረጋው በዚህ ሽርክና ነው። የእኛ አገር የደጋ እርጎ በቤቱ አየር ሙቀት፣ ቀስ ብሎ፣ ከአንድ ቀን በላይ ወስዶ የሚረጋ ስለሆነ ሠራተኞቹም ሌሎች ናቸው። ጣዕሙ የሚለየውም ለዚህ ነው። «እርጎ» ብሎ አንድ ስም መጥራት እንጂ በውስጡ ያለው ማኅበር ከደብረ ብርሃን እስከ ቦረና አንድ አይደለም።

እናቶቻችን የማለቢያውንና የመናጫውን ዕቃ በወይራ ጭስ የሚያጥኑት ለሽታው ብቻ አይደለም። ጭሱ የባክቴሪያን ዕድገት የሚጫኑ ፌኖል የተባሉ ውሁዶችን በዕቃው ግድግዳ ላይ ይተዋል። ውኃ ታጥቦበት ሙሉ በሙሉ የማይጠራ ቅል የራሱን ባክቴሪያ ይዞ የሚኖር ዕቃ በመሆኑ፣ ማጠኑ አዲሱ ወተት ሲገባ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ ይወስናል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሞገሴ አሸናፊ በ1990ዎቹ ካካሄዷቸው ጥናቶች መካከል ዕቃ ማጠንና የአየሩ ሙቀት በእርጎ ላይ የሚያስከትሉትን ለውጥ የመረመረ ይገኝበታል። እንዲህ ያለው ሥራ በአገር ቤት ቤተ ሙከራ መሠራቱ ከውጭ መጽሐፍ ሊገኝ የማይችል ዕውቀት አስገኝቷል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ መጠቀስ አለበት። ብዙ ሰው «ኮምጣጣ እርጎ በሽታ አይዝም» ይላል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ አሲድ ብዙውን የበሽታ ባክቴሪያ ይገድላል። ነገር ግን ሳልሞኔላና ሊስቴሪያን የመሳሰሉት መጠነኛ አሲድ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ከቆዩ በኋላ መከላከያ ፕሮቲን ያዘጋጃሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ብርቱ አሲድም ይበልጥ ይቋቋማሉ። ስለዚህ በቅዝቃዛ ሌሊት ቀስ ብሎ የሚኮመጥጥ ወተት ለጠላት ልምምድ ይሰጣል፤ ቶሎ የሚኮመጥጠው ግን ጊዜ አይሰጥም። ከትናንቱ ጥሩ እርጎ አንድ ማንኪያ እንደ እርሾ መጨመር የሚጠቅመውም ወዳጆቹን በቁጥር አብዝቶ ስለሚያስነሣቸው ነው። ለሕፃናት በሚሰጥ እርጎ ላይ ግን ወተቱን አስቀድሞ አፍልቶ፣ አብርዶ፣ ከዚያ እርሾ መጨመርን የሚተካ ነገር አናውቅም።

ማቀዝቀዣም ቢሆን ዳኛ እንጂ ገዳይ አይደለም። በ4 ዲግሪ የሚቀመጥ ወተት ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሲያንቀላፉ ሱዶሞናስ የተባሉት ይራባሉ። እነርሱ ራሳቸው በማፍላት ይሞታሉ፤ ያመነጯቸው ፕሮቲንና ስብ የሚቆርጡ ኤንዛይሞች ግን እጅግ ከፍተኛ ሙቀትን እንኳ አልፈው ይቆያሉ። ለወራት እንዲቆይ ታስቦ በካርቶን የታሸገ ወተት አንዳንድ ጊዜ የሚመርረው በዚህ ሳቢያ ነው። ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጄኔስም በማቀዝቀዣ ውስጥ ያድጋል፤ በለስላሳ አይብም፣ በጭስ በደረቀ ሳልመን ዓሣም ይገኛል። የጠባይ ለውጥን ለማስረዳት ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከ30 ዲግሪ በታች ሲያድግ ጅራፍ መሰል ጭራ አብቅሎ ይዋኛል፤ በ37 ዲግሪ፣ በሰው ገላ ሙቀት፣ ጭራውን ይተዋል። በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ የበሽታ አምጪ ጂኖቹን የሚያዘው መልእክተኛ ሞለኪውል በቅዝቃዜ ተጣጥፎ ይዘጋል፤ በ37 ዲግሪ ተፈትቶ ይነበባል። ባክቴሪያው ቴርሞሜትር በሆዱ ይዞ ይዞራል ብንል ከእውነቱ አልራቅንም።

አሁን ወደ ኩሬው እንውረድ። ወተት ውስጥ አንዱ ለአንዱ ምግብ ያቀርባል፤ ኩሬ ውስጥ ግን እንግዳ ተቀባዩ ዓሣ ራሱ በሁኔታው ይለወጣል። በባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 10 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ 7.5 ብቻ። የአዲስ አበባን ያህል ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ በ20 ዲግሪ የሚገኘው ከ7 ሚሊ ግራም ብዙም አይርቅም። ሙቀት ሲጨምር እንግዲህ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፦ ባክቴሪያው ይፈጥናል፣ ዓሣው ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ውኃው ግን የሚሰጠው ያንሳል። ከቀትር በኋላ ያየነው አረንጓዴ ኩሬ ጤነኛ መስሎ ሌሊቱን ኦክስጅኑ አልቆ ጎሕ ሲቀድ ዓሣው አፉን ወደ ላይ ከፍቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ኩሬም እንደ ወተት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉት። ዓሣ የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። ኒትሮሶሞናስን የመሰሉት ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ሠራተኞች ቀርፋፋ ናቸው፤ የእርጎ ባክቴሪያ በደቂቃዎች የሚያደርገውን መከፈል እነርሱ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ ከዚያም በላይ ይወስዱበታል። ውኃውን እያጣራ መልሶ የሚጠቀም አዲስ ማርቢያ ሳምንታት ሳይጠብቅ በዓሣ ከተሞላ ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ ደግሞ 4.6 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃሉ፤ ይህም ከዓሣው አፍ የሚነጠቅ ነው። ፒኤቹም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ25 ዲግሪ ፒኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 9 ሲሆን ግን ከመቶ ሠላሳ ስድስት ያህል ይደርሳል። በስምጥ ሸለቆ አልካላይን ውኃ ዓሣ ለማርባት የሚያስብ ሰው ይህን ቁጥር በግድግዳው ላይ ቢጽፈው እንመርጣለን።

የዕድገት ሁኔታ ነገር ከኩሬው ይልቅ በቤተ ሙከራው ውስጥ የበለጠ አሳሳች ይሆናል። የሳልመንን ዓሣ የሚያቆስለው ኤሮሞናስ ሳልሞኒሲዳ ከዓሣው መከላከያ የሚሸሸግበት የፕሮቲን ካባ አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ባክቴሪያ ከለመደው በላይ በ26 ወይም በ27 ዲግሪ ሲያድግ ካባቸውን የጣሉ ዘሮች ይበዛሉ፤ እነርሱም በሽታ የማምጣት ኃይላቸውን አጥተዋል። በቸልታ በሞቀ ሣጥን ያሳደገው ተመራማሪ ጠላቱን ሳይሆን የጠላቱን ጥላ ያጠናል ማለት ነው። ብረትም እንዲሁ ነው። በእንስሳ ገላ ውስጥ ነፃ ብረት የለም፤ ስለዚህ ቪብሪዮ አንጉዪላረም የተባለው የባሕር ዓሣ ጠላት ብረት የሚነጥቅበትን መሣሪያ ያወጣል፤ የመሣሪያው ትእዛዝም ተንቀሳቃሽ በሆነ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ እንደተጻፈ እ.ኤ.አ. በ1980 ተደርሶበታል። ብረት በሞላበት ፈሳሽ ውስጥ ያደገ ባክቴሪያ ይህን መሣሪያ አያሳይም፤ ከእርሱ የተሠራ ክትባትም ዓሣውን ስለ መሣሪያው አያስተምረውም።

ይህን በሚገባ መረዳት ምን እንደሚያስገኝ ኖርዌይ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1987 የአገሪቱ ሳልመን አርቢዎች ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ተጠቅመዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዘይት የተዘጋጁ ክትባቶች ሥራ ላይ ሲውሉ፣ ማርቢያዎቹም በየመካከሉ ባዶ እየተተዉ ሲያርፉ፣ አጠቃቀሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ወረደ። በኋላ ምርቱ ከ1 ሚሊዮን ቶን አልፎ እንኳ በዓመት ከአንድ ቶን ያነሰ አንቲባዮቲክ የተጠቀሙባቸው ዓመታት አሉ። ለላም ግትም ለኩሬም የሚፈሰው አንቲባዮቲክ መድኃኒት የማይበግረውን ባክቴሪያ ስለሚመርጥ፣ ነገሩ የአርቢው የግል ጉዳይ ሆኖ አይቀርም።

ዛሬ በከረጢት ታሽገው ለወተትም ለዓሣም የሚሸጡ «ወዳጅ ባክቴሪያዎች» በብዙ አገር ገበያ ይታያሉ። ሐሳቡን አንነቅፍም፤ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ከዓሣ አንጀትም ይገኛሉና። ነገር ግን በ37 ዲግሪ፣ በስኳር ጠግቦ ያደገ ባክቴሪያ በ18 ዲግሪ ኩሬ ውስጥ ባለ ዓሣ አንጀት ምን ያህል እንደሚሠራ ከረጢቱ አይነግረንም። ከመድረቁ በፊት በፈጣን ዕድገት ላይ ሳለ ነው የተሰበሰበው ወይስ ምግቡ አልቆበት ራሱን ለችግር ካዘጋጀ በኋላ? ሁለተኛው መድረቁን እጅግ በተሻለ ይቋቋማል። በምን ሙቀት ተጓዘ? መጋዘን ውስጥስ ስንት ወር ተቀመጠ? በሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ሆነ የወተት ማኅበራት እንዲህ ያለውን ምርት ከመግዛታቸው በፊት በራሳቸው ውኃና ወተት፣ በራሳቸው ሙቀት ቢፈትኑት ወጪው ትንሽ ነው፦ ቴርሞሜትር፣ የፒኤች መለኪያ፣ የኦክስጅን መለኪያ፣ ባክቴሪያ የሚቆጠርባቸው ሳሕኖች፣ እነዚህንም በየዕለቱ፣ በተለይ ጎሕ ሳይቀድ፣ በደብተር የሚመዘግብ አንድ ታማኝ ሰው።