ዘውድ ያስጣለው አቻ ውጤት

በቼዝ ጨዋታ አቻ መለያየት ብዙ ጊዜ እንደ ድካም ወይም እንደ ፍርሃት ይቆጠራል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ በ2000 በለንደን ከተማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ አቻ ውጤት ዘውድ ለማስጣል በቅቷል።

ተጋጣሚዎቹ ከ1985 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጋሪ ካስፓሮቭ እና የአገሩ ልጅ ቭላድሚር ክራምኒክ ነበሩ። በመጀመሪያው ጨዋታ ነጩን የያዘው ካስፓሮቭ ነበር። ነጭ ቀድሞ ስለሚንቀሳቀስ የማጥቃት ዕድሉ ይሰፋል፤ ካስፓሮቭም በማጥቃቱ የሚፈራ ተጫዋች ነበር።

የመረጠው የመክፈቻ ስልት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቼዝ መጽሐፍ በጻፈው ስፔናዊ ቄስ በሩይ ሎፔዝ ስም ይጠራል። በዚህ ስልት ነጭ በሦስተኛው እርምጃ ጳጳሱን አውጥቶ የጥቁርን ፈረስ ያስጨንቃል። ክራምኒክ ሁለተኛውን ፈረስ በማውጣት የነጭን የመሐል ወታደር አጠቃ። ይህ መልስ የበርሊን መከላከያ ይባላል።

በስምንተኛው እርምጃ ሁለቱም ንግሥቶች ተበልተው ከሰሌዳው ወረዱ። ጥቁር ለዚህ ዋጋ ከፍሏል። ንጉሡ ንግሥቲቱን ለመብላት ከቦታው ስለተነሣ፣ ከሩኩ ጋር ተዘዋውሮ የመሸሸግ መብቱን አጥቷል፤ ሁለት ወታደሮቹም በአንድ መስመር ተደራርበዋል። ሌሎች ጠጠሮች ሁሉ ተበልተው ወታደሮች ብቻ ቢቀሩ ነጭ የማሸነፍ ዕድል ያገኛል። ጥቁር በበኩሉ ሁለቱንም ጳጳሳት ይዞ ይቆያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነጭ ዋናውን የማጥቂያ መሣሪያ፣ ንግሥቱን፣ ያጣል።

ጨዋታው በ25ኛው እርምጃ በአቻ ተጠናቀቀ፤ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነጥብ ተካፈሉ። ክራምኒክ ይህንኑ መከላከያ በ3ኛው፣ በ9ኛው እና በ13ኛው ጨዋታ ደገመው፤ ሁሉም በአቻ አለቁ። እርሱ ግን ነጩን በያዘባቸው በ2ኛው እና በ10ኛው ጨዋታ አሸነፈ። ከ15 ጨዋታዎች 13ቱ አቻ ሆነው፣ ክራምኒክ 8 ነጥብ ተኩል ለ6 ነጥብ ተኩል ረትቶ ዘውዱን ወሰደ። ካስፓሮቭ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም።

ከዚያ በኋላ ስልቱ "የበርሊን ግንብ" የሚል ቅጽል አተረፈ። ነገር ግን የማይደፈር ግንብ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2014 በሶቺ ከተማ ማግነስ ካርልሰን ቪስዋናታን አናንድን በ11ኛው ጨዋታ በዚሁ የመክፈቻ ስልት አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮንነቱን አስከብሯል።