በረዶ ላይ የሚሄዱ ነፍሳት ስለ ወንዙ ምን ይናገራሉ?

እኛ ክረምት ሲባል የሚታወሰን ዝናብና ጭቃ ነው። በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ግን ክረምት ማለት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሐይቁ መኪና እስኪያሻግር ድረስ በረዶ የሚጋገርበት ወቅት ነው። በግዛቲቱ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኙት ትራውት የሚባለው ዓሣ መኖሪያ ጅረቶች ግን በአብዛኛው አይጋገሩም። (ትራውት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቋል።) ምሥጢሩ ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚመነጨው ውኃ ክረምት ከበጋ ወደ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያለው መሆኑ ነው።

ታዲያ እዚያ ውስጥ የሚኖር ይኖር ይሆን? ሞልቷል። ዲያሜሳ የሚባሉ፣ ትንኝ የሚመስሉ ግን የማይናከሱ ነፍሳት እጭ ሆነው ጅረቱ ውስጥ ያድጉና ክንፍ የሚያወጡት በብርዱ ወራት ነው። በረዶው ላይ እየሄዱ ጥንዳቸውን ይፈልጋሉ። የሰውነታቸው ፈሳሽ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ አይረጋም። ትራውቱም በብርድ ጊዜ የሚመገበው እነዚህንና መሰሎቻቸውን ነው።

ከእነዚህ ሌላ የክረምት ስቶንፍላይ የሚባሉ አሉ። እነዚህ ሙቀቱን ሸሽተው በበጋ ከወንዙ ወለል በታች ገብተው ይተኛሉ፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ነው ነቅተው የሚያድጉት። ስለዚህ በበጋ ብቻ ናሙና የሚወስድ ባለሙያ “በዚህ ጅረት የሉም” ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ስቶንፍላይ ብክለትን ፈጽሞ ከማይችሉት ነፍሳት አንዱ በመሆኑ የመኖሩና ያለመኖሩ ነገር ራሱ ማስረጃ ነው።

የተለመደው አሠራር መረብ ውኃው ውስጥ አቁሞ፣ ከመረቡ በላይ ያለውን ጠጠር በእግር እየቆሰቆሱ ተነቅሎ የሚመጣውን መያዝ ነው። በብርድ ጊዜ ግን አንድ ጣጣ አለው። ትራውት በመጸው ጠጠሩን በጅራቱ ጠርጎ እንቁላሉን እዚያ ይቀብራል፤ እንቁላሉም ክረምቱን በዚያው ይከርማል። ዓሣውን ልጠብቅ ብሎ የገባ ሰው የዓሣውን ዘር ረግጦ ሊወጣ ነው ማለት ነው! ከአካባቢው ጠጠር ነጣ ብሎ የተጠረገ ቦታ ካዩ ርቀው ማለፍ ነው።

ወለሉን ሳይነኩ ናሙና የሚወሰድበት መንገድም አለ፤ በእኔ አስተያየት ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ትንኝ መሰሎቹ ክንፍ ሲያወጡ አሮጌ ቆዳቸውን ውኃው ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ቆዳው ተንሳፍፎ አረፋና ቅጠል በተጠራቀመበት ጥግ ይሰበሰባል። ለ10 ደቂቃ ያህል ያንን አረፋ በሳፋ እየቀዱ በወንፊት ማጥለል፣ የቀረውን አልኮል ያለበት ጠርሙስ ውስጥ መክተት ብቻ ነው። ቆዳው በማይክሮስኮፕ ሲታይ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ ይለያል። መልቀሙ ቤት ገብቶ ቢሆን ይሻላል፤ ውጭ ሳህኑም ጣትም ይደርቃል።

የክረምቱ ናሙና በበጋው የማይተካበት ሌላው ምክንያት ጨው ነው። መንገድ እንዳያንሸራትት የሚበተነው ጨው ፀሐይ ብልጭ ባለች ቀን ከቀለጠው በረዶ ጋር ጅረት ውስጥ ይገባል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመዘኛ የአራት ቀን አማካይ ክሎራይድ በሊትር ከ230 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይላል። ማክሰኞ የተቀዳ ጠርሙስ ግን ቅዳሜ ስላለፈው ጨው ላይናገር ይችላል። ነፍሳቱ ቅዳሜም እዚያው ነበሩ።